ግራዋና ዘመዶቹ ለመድኃኒት ባለሙያ የሚያቀርቡት ጥያቄ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ስለ አንድ አገር በቀል የመድኃኒት ተክል እንድናገር የጉባኤው አዘጋጆች በጠየቁኝ ጊዜ፣ ኮሶን ወይም እንዶድን ይመርጣል ብለው ሳይገምቱ አልቀሩም። ሁለቱም ብዙ የተጻፈላቸው፣ ዝናቸውም ከአገር ውጭ የደረሰ ዕፀዋት ናቸው። እኔ ግን የመረጥሁት ግራዋን ነው። ግራዋ የጓሮ ተክል ነው፤ አጥር ይሆናል፣ ጋን ይታጠብበታል፣ በበጋ ለፍየልና ለበግ ይጣላል። ከዚህ የተነሣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀውም ማንም ስለ እርሱ አይጠይቅም። ቁርጠት የያዘው ሰው ቅጠሉን ጨምቆ ይጠጣል፤ ሕመሙ አልሻል ሲለውም ወደ መድኃኒት ቤት ይመጣል። ያን ጊዜ እኛ ምን ጠጥተህ መጣህ ብለን አንጠይቀውም፤ እርሱም ግራዋን ከመድኃኒት ስለማይቆጥረው አይነግረንም። ዛሬ ልናገርበት የፈለግሁት ስለዚህ ዝምታ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

አስቀድሜ ግራዋን ከነቤተሰቡ ላስተዋውቅ። መስከረም ሲጠባ ሜዳውን የሚያለብሰው አደይ አበባ፣ ዘይት የሚሰጡን ኑግና ሱፍ፣ ለመዓዛው የምንወደው አሪቲ፣ ሥሩ የሚታጠነው ቀበሪቾ፣ ከገበታ የማይታጣው ሰላጣ፣ እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ግራዋም ከእነርሱ አንዱ ነው። የቤተሰቡ መታወቂያ አበባው ነው። አንድ አበባ መስሎ የሚታየን ነገር፣ ቀረብ ብለን ስንመረምረው፣ በአንድ መቀመጫ ላይ ተጠጋግተው የተሰበሰቡ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ሆኖ እናገኘዋለን። በአደይ አበባ ዙሪያ እንደ ጨረር የተዘረጉት ቢጫ ቅጠሎች እንኳ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አበባ ናቸው። ግራዋ እነዚህ ጨረሮች የሉትም። ያሉት ቀጫጭን፣ ነጫጭ፣ ቱቦ መሰል አበቦች ብቻ ሲሆኑ፣ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ በየዘለላው ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ዓይን የሚስብ አይደለም፤ የሚጠጋው ግን መዓዛውን ያገኛል። ንቦች በበጋ ወራት ይህን አሳምረው ስለሚያውቁ፣ ንብ አርቢዎች ግራዋን ከቀፎ አጠገብ ማየት ይወዳሉ።

ወደ ሳይንሳዊ ስሙ ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል፤ ይሁን እንጂ ለሥራችን አስፈላጊ ስለሆነ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ። ከ1819 እስከ 1822 ድረስ በኑብያና ከዚያም በላይ በዓባይ ሸለቆ የተጓዘው ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ካዮ የሰበሰባቸውን ዕፀዋት የመረመረው፣ ቀደም ሲል ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ ዘምቶ የነበረው የዕፀዋት ሊቅ ደሊል ነው። ደሊል በ1826 ባሳተመው ሥራ ተክላችንን ቬርኖንያ አሚግዳሊና ብሎ ሰየመው። የመጀመሪያው ቃል በ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በሜሪላንድ ዕፀዋት ለሰበሰበው እንግሊዛዊ ለዊልያም ቬርነን መታሰቢያ የተሰጠ የወገን ስም ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቅጠሉ የለውዝ ዛፍን ቅጠል መምሰሉን ይገልጻል፤ ለውዝ ስል ኦቾሎኒን ሳይሆን በአውሮፓና በመካከለኛው ምሥራቅ በዛፍ ላይ የሚያፈራውን ማለቴ ነው።

ቬርኖንያ የሚባለው ወገን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፋ ሄዶ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎች ተከማቹበት። አሜሪካዊው ሊቅ ሃሮልድ ሮቢንሰን በ1999 ይህን ክምር ለያይቶ፣ ቬርኖንያ የሚለውን ስም በአብዛኛው ለአሜሪካ አህጉር ዝርያዎች ሲተው፣ ግራዋን የመሳሰሉት የአፍሪካ ቁጥቋጦዎች ካሲኒ የተባለው ፈረንሳዊ ገና በ1817 ወዳቋቋመው ጂምናንቴመም ወደሚባለው ወገን ገቡ። ትርጉሙ በግሪክኛ ራቁት አበባ ማለት ነው። እንግዲህ ዛሬ የግራዋ ትክክለኛ ስም ጂምናንቴመም አሚግዳሊነም ነው። ይህን ሁሉ የማወራው ለስም ፍቅር ብዬ አይደለም። በአዲሱ ስም ብቻ ጽሑፍ የሚፈልግ ባልደረባ በአሮጌው ስም የታተመውን የብዙ አሠርት ዓመታት ምርምር ያጣዋል። በአገር ቋንቋም እንዲሁ ነው፤ በኦሮምኛ ኤቢቻ የሚባለው ግራዋ ሲሆን፣ ሬጂ የሚባለው ግን ቅጠሉ እጅግ ሰፋፊ፣ አበባው ሐምራዊ የሆነ ሌላው የወገኑ ዝርያ ነው። ሁለቱ በአንድ ጓሮ አጥር ላይ ጎን ለጎን ሊበቅሉ ይችላሉ። ጠያቂው ቅጠሉን በዓይኑ ሳያይ ስም ብቻ ከጻፈ፣ የአንዱን ጠባይ ለሌላው ሰጠ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጓሮው እንመለስ። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ከሁሉ አስቀድማ የምትሠራው ሥራ ጋኑን ማጠብ ነው። ሻካራውን የግራዋ ቅጠል ከውኃ ጋር እያሸች፣ የጋኑን ሆድ ደጋግማ ትፈትጋለች፤ አረንጓዴው አረፋ ፈስሶ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ታለቃልቃለች፤ ከዚያም በወይራ ታጥነዋለች። ይህ የምታደርገው ነገር በእኛ ቋንቋ ሲተረጎም ዕቃን ከአሮጌ እርሾና ከማያስፈልጉ ተሐዋስያን ማጽዳት ነው። ቅጠሉ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባሉ ቅመሞች ስላሉበት ሲሆን፣ ጭማቂው አንዳንድ ባክቴሪያዎችን እንደሚገታ በላቦራቶሪ ሙከራዎች ታይቷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እወዳለሁ። ጋን አጣቢዋ ግራዋው ምን ያህል እንደሚበቃ፣ ምን ያህል ጊዜ መታጠብ እንዳለበት፣ ሳይለቀለቅ የቀረ ጋን ጠላውን ምን እንደሚያደርገው ታውቃለች። ሥራዋ መጠን አለው። መጠኑ ግን በእጅ ያለ እንጂ በወረቀት የሰፈረ አይደለም።

ከብት ጠባቂውም የራሱ ዕውቀት አለው። ሣር በደረቀበት ወራት የግራዋ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ከደረቅ ክብደቱም አንድ አምስተኛው ያህል ፕሮቲን ነው። ተመራማሪዎች ለመንዝ በጎች ከጤፍ ጭድ ጋር ግራዋ እየሰጡ ያደረጉት ጥናት በ1995 ታትሟል። የእንግዴ ልጅ ለዘገየባት ላምና ትል ላስቸገረው ጥጃ ገበሬው ግራዋ እንደሚያጠጣም በየአውራጃው የተደረጉ የባህል ሕክምና ጥናቶች መዝግበዋል።

ይህ ተክል የእኛ ብቻ አይደለም። በናይጄሪያ ኢግቦዎች ኦኑግቡ፣ ዮሩባዎች ኤውሮ እያሉ በጓሯቸው እንደ ጎመን ያለሙታል፤ በካሜሩን ደግሞ ንዶሌ የተባለው ዝነኛ ወጥ የሚሠራው ከእርሱና ከቅርብ ዘመዶቹ ቅጠል ነው። እኛ የምናጥብበትን እነርሱ ይበሉታል ማለት ነው። ግን እንዴት እንደሚበሉት ማወቅ ያስፈልጋል። ቅጠሉን በውኃ እያሹና እየጨመቁ፣ ውኃውን እየደፉ፣ አንዳንዴም እየቀቀሉ ምሬቱን ካወጡለት በኋላ ነው ወደ ድስት የሚገባው። እንግዲህ የናይጄሪያዋ ወይዘሮ ያንን መራራ ውኃ ትደፋዋለች፤ የእኛው ሕመምተኛ ግን ያንኑ መራራ ውኃ ይጠጣዋል። አንዱ ምግብ፣ ሌላው መድኃኒት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም የአሠራር ልዩነት ብቻ ነው።

በዚያ መራራ ውኃ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? በ1960ዎቹ ዓመታት አሜሪካውያን ካንሰርን የሚቋቋም ቅመም ለማግኘት ከዓለም ዙሪያ ዕፀዋት በሚሰበስቡበት ወቅት፣ ከኢትዮጵያም ብዙ ናሙና ሄዷል። የኬሚስትሪ ሊቁ ሞሪስ ካፕቻን ቬርኖንያ ሂሜኖሌፒስ ከተባለችው የግራዋ ዘመድ ቬርኖሌፒን የተባለውን ቅመም ለይቶ በ1968 አስታወቀ። በሚቀጥለው ዓመት ከራሱ ከግራዋ ቬርኖዳሊንና ቬርኖሚግዲን የተባሉ ሁለት ቅመሞችን አወጣ። ሦስቱም በላቦራቶሪ የካንሰር ሕዋሳትን ይገድላሉ። የቬርኖሌፒን አሠራር ኬሚስቶችን እጅግ ስለማረካቸው፣ በ1976 ሁለት ቡድኖች በየፊናቸው ከመነሻው በላቦራቶሪ ሠርተውታል። ሆኖም ከሦስቱ አንዱም መድኃኒት ሆኖ ገበያ ላይ አልዋለም። በሽተኛውን ሕዋስ የሚገድል ቅመም ጤነኛውንም ሊገድል ይችላልና። መራራ ሁሉ መድኃኒት ነው የሚለውን የቆየ እምነት የምንሰማ ሰዎች ይህን ማስታወስ ይገባናል። ተክሉ ምሬቱን ያዘጋጀው ለእኛ ፈውስ ብሎ አይደለም፤ የሚበላውን ተባይና እንስሳ ለመከላከል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል፤ ነገር ግን ስለ ግራዋ ከተጻፈው ሁሉ ለእኔ ትልቁን ትምህርት የያዘው ይህ ነው። በኅዳር ወር 1987 በታንዛንያ በማሃሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ተመራማሪው ማይክል ሃፍማንና የባህል ሕክምና ዐዋቂው የፓርኩ ሠራተኛ ሞሐመዲ ሰይፉ ካሉንዴ ቻውሲኩ የተባለች የታመመች ሴት ቺምፓንዚ ይከታተሉ ነበር። ምግብ መብላት ትታ፣ ደክማ የተኛችው ይህች እንስሳ ወደ ግራዋ ቁጥቋጦ ሄዳ ለጋ ቅርንጫፍ ሰበረች። ቅጠሉን ጣለችው፤ ልጡን ልጣ ጣለችው፤ የመካከሉን ለስላሳ ክፍል ብቻ እያኘከች ውኃውን መጠጠች። በማግሥቱ ጥንካሬዋ ተመልሶ ታየ። የአካባቢው የቶንግዌ ሕዝብ ተክሉን ለሆድ ሕመም እንደሚጠቀምበት ካሉንዴ ያውቅ ነበር። ከዓመታት በኋላ በተመሳሳይ ሁኔታ የተመገበች ሌላ ቺምፓንዚ በዓይነ ምድሯ ውስጥ የነበረው የትል እንቁላል ቁጥር በሃያ ሰዓት ውስጥ ከ130 ወደ 15 መውረዱ ተመዝግቧል። በጃፓን በኪዮቶ የሚገኙ ኬሚስቶች የተክሉን ክፍሎች ለያይተው ሲመረምሩ፣ መርዛማው ቬርኖዳሊን በብዛት የሚገኘው ቺምፓንዚዋ በጣለቻቸው በቅጠሉና በልጡ ውስጥ መሆኑን አገኙ። በመካከለኛው ክፍል ደግሞ ቬርኖኒዮሳይድ ብለው የሰየሟቸው ረጋ ያሉ ስቴሮይድ ግላይኮሳይዶች ነበሩ።

ቺምፓንዚዋ የተክሉን ክፍል መርጣለች። በየጊዜው በአገራችን በሚወጡ የባህል መድኃኒት ዝርዝሮች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነበበው፣ ግራዋ፣ ቅጠሉ ተጨምቆ ይጠጣል፣ ለወባና ለሆድ ሕመም፣ የሚል አንድ መስመር ነው። ለጋው ነው ወይስ የጠነከረው? በምን ያህል ውኃ? ስንት ጊዜ? ለስንት ቀን? ማን እንዲጠጣው አይፈቀድም? እነዚህን ጥያቄዎች የምትመልስ እናት በየመንደሩ አለች፤ ጠያቂው ግን ስሙን ጽፎ ተመልሷል።

የአሠራር ዝርዝር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ምስክር ከዚሁ ከግራዋ ቤተሰብ ይገኛል። የአሪቲ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ቺንግሃው የተባለውን ተክል ቻይናውያን ለትኩሳት ይጠቀሙበት እንደነበር በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። ቱ ዮዮ የተባለችው ሊቅ በምትመራው ቡድን ውስጥ ግን ተክሉ ሲፈተን አንድ ጊዜ ሲሠራ ሌላ ጊዜ ሲከሽፍ ቆየ። መፍትሔው የተገኘው በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ጌ ሆንግ ባቆየው ጽሑፍ ውስጥ ነው። ጌ ሆንግ ተክሉ ስንት እፍኝ እንደሚሆን፣ በምን ያህል ውኃ እንደሚነከር፣ ተጨምቆም እንደሚጠጣ ጽፏል፤ ይፈላል ግን አላለም። ቱ ዮዮ ከዚህ ተነሥታ ሙቀት ቅመሙን እንደሚያጠፋው በመጠርጠር፣ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጣችው። በ1971 የተገኘው ውጤት ዛሬ በመደርደሪያዎቻችን ላይ ላለው የወባ መድኃኒት መሠረት ሆነ፤ በ2015ም የኖቤል ሽልማት አሰጣት። አንድ ጥንታዊ ሐኪም የአሠራሩን ዝርዝር በመጻፉ ከ1600 ዓመት በኋላ የተገኘውን ትርፍ ተመልከቱ።

ግራዋስ ወባን ያድናልን? ስለዚህ በግምት መናገር አያሻንም። በኡጋንዳ ያልተወሳሰበ ወባ በያዛቸው ሕሙማን ላይ የተደረገና በ2009 የታተመ የክሊኒክ ጥናት አለ። የግራዋ መድኃኒት ከወሰዱት መካከል 67 በመቶው በ14ኛው ቀን የሕመም ስሜታቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል። ይህን ብቻ የሰማ ሰው ይደሰት ይሆናል። ይሁን እንጂ ከተሻላቸው ውስጥ ደማቸው ከወባ ተሐዋስያን ፈጽሞ የጸዳላቸው 32 በመቶው ብቻ ነበሩ፤ ከነዚህም በ71 በመቶው ላይ ተሐዋስያኑ እንደገና ታይተዋል። ይህ ውጤት በእኔ አስተያየት ከፍጹም ውድቀት ይልቅ አደገኛ ነው። ምንም የማይረዳውን ነገር ሕመምተኛው ቶሎ ይተወዋል፤ ስሜቱን የሚያሻሽልለትን ግን አምኖ፣ ተሐዋስያኑን በደሙ ይዞ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሄድ ይቀራል። ሕመምተኛው ሕፃን ከሆነ ደግሞ ለመዘግየት ጊዜ የለውም።

በየመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ የሚቆሙትን ሌሎች ሁለት ሰዎችም ላንሣ። የመጀመሪያው የስኳር ሕመምተኛ ነው። የግራዋ ጭማቂ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ዝቅ እንደሚያደርግ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ልዩ ልዩ ሙከራዎች ታይቷል። ሐኪሙ ያዘዘለትን ክኒን ውጦ በላዩ ግራዋ የሚጠጣ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች ቢወርድ ልንደነቅ አይገባንም። ሁለተኛዋ ነፍሰ ጡር ናት። ገበሬው እንግዴ ልጅ ለዘገየባት ላም ግራዋ የሚያጠጣው በከንቱ አይደለም፤ በጊኒ ፒግ ማሕፀን ላይ በላቦራቶሪ በተደረገ ሙከራ ጭማቂው የማሕፀንን ጡንቻ እንደሚያኮማትር ታይቷል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ለመግዛት የመጣች እኅት ቤት ውስጥ ምን እንደጠጣች ብትጠየቅ፣ ጥያቄው የሚወስደው ግማሽ ደቂቃ ነው። አጠያየቁ ግን ይወስናል። ባህላዊ መድኃኒት ወስደሻል ወይ ሲሏት አልወሰድሁም ትላለች፤ ግራዋ ወይም ጤና አዳም ወይም ሌላ ቅጠል ጠጥተሻል ወይ ሲሏት ግን ትነግራቸዋለች። ስትነግረን ፊታችንን አለማጨፍገግም የሙያው ግዴታ ነው።

ስለ ጥቅም ክፍፍል ጥቂት ልጨምር። ቬርኖንያ ገና ሰፊ በነበረበት ዘመን ከግራዋ ጋር በአንድ ወገን ትቆጠር የነበረች፣ ቁጥቋጦ ያልሆነች ዓመታዊ ተክል አለች፤ ቬርኖንያ ጋላሜንሲስ ትባላለች። አሜሪካዊው ሮበርት ፐርድዩ በ1964 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከሐረር አቅራቢያ ዘሯን ሰበሰበ። ከዘሯ ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ዘይት ሲሆን፣ የዘይቱ አብዛኛው ክፍል ቬርኖሊክ አሲድ የሚባለው፣ ለቀለምና ለፕላስቲክ ሥራ የሚፈለገው ቅባት ነው። በ2006 የአገራችን የብዝኀ ሕይወት ተቋም ከአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር ጥቅሙን ለመጋራት ስምምነት ተፈራርሟል። በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1998፣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ ጀነቲክ ሀብትን ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰብ ዕውቀትንም ይጠብቃል። ሕጉ መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ማን እንደሚያውቀው፣ የት እንደሚታወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራ በሥርዓት ያልተመዘገበን ዕውቀት፣ ሕጉ በማን ስም ሊጠብቀው ይችላል? የጋን አጣቢዋን መጠን መጻፍ ለሳይንስ ብቻ የሚደረግ ነገር እንዳይመስላችሁ።

ስለዚህ ወደየሥራ ቦታችሁ ስትመለሱ አንድ ቀላል ነገር እንድትሠሩ እለምናችኋለሁ። ስለ ግራዋ የሚነግራችሁ ሰው ባገኛችሁ ጊዜ፣ እርሱ የሚጠቀምበትን ቁጥቋጦ ራሱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ቅጠልም አበባም ያለበትን፣ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ አበባ የሌለው ናሙና ግራዋን ከዘመዶቹ ለመለየት እምብዛም ስለማይረዳ፣ በበጋ መሰብሰቡ ይመረጣል። በጋዜጣ መካከል ዘርጉት፤ ከቅጠሎቹ አንዱን ገልብጡት፣ ጀርባውም እንዲታይ። ከባድ ነገር ጫኑበትና ጋዜጣውን በየቀኑ እየለወጣችሁ አድርቁት። አበባው ሲደርቅ ቀለሙ ስለሚጠፋ፣ ነጭ ይሁን ሐምራዊ በዚያው ዕለት ጻፉ። በወረቀቱ ላይ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ በአካባቢው ቋንቋ የሚጠራበትን ስም፣ የሚወሰደውን ክፍል፣ በእፍኝም ሆነ በስኒ የተለካውን መጠንና የሚከለከሉትን ሰዎች መዝግቡ። የነገራችሁን ሰው ስም የምትጽፉት ግን እርሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ዕፀዋት ቤት ሊላክ ይችላል። ለመለየት የሚረዳው መጽሐፍ በመስፍን ታደሰ ተዘጋጅቶ በ2004 የታተመው፣ ይህን ቤተሰብ የያዘው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መድበል አራተኛ ቅጽ ሁለተኛ ክፍል ነው። ሁለቱንም ሳይንሳዊ ስሞች፣ አሮጌውንና አዲሱን፣ በአንድነት ጻፏቸው፤ ቦታ ከጠበባችሁ ግን አስቀድማችሁ የምትጽፉት ባለቤቱ የነገራችሁን ስም ይሁን።